ተቆጥሮ የቀረ ድምፅ

ምርጫ ጣቢያ ሲዘጋ ትልቁ ሥራ ገና ይጀመራል። ኮሮጆው በታዛቢዎች ፊት ተከፍቶ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል። አንዱ አስፈጻሚ እያንዳንዱን ወረቀት እየዘረጋ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ የኤክስ ምልክት ወይም የጣት አሻራ ያረፈበትን ተወዳዳሪ ይጠራል፤ ሌላው ይመዘግባል። የፓርቲ ወኪሎች አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ቀለሙ የተንዛዛ ወይም ሁለት ቦታ ምልክት የተደረገበት ወረቀት ከመጣ ክርክር ይነሳል። መብራት ባልገባበት ቀበሌ ይህ ሁሉ የሚሠራው በባትሪ ብርሃን ነው። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ጠረጴዛው ላይ ክምሮች ይለያሉ፤ የአንዱ ተወዳዳሪ ከፍ ይላል፣ የሌላው መካከለኛ ይሆናል፣ የሦስተኛው በአንድ እጅ የሚጨበጥ ነው። ቆጠራው ሲያልቅ ውጤቱ በቅጽ ተሞልቶና ተፈርሞ ጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ድምፅ እኩል ተቆጥሯል። ልዩነቱ የሚመጣው የምርጫ ክልሉ ጣቢያዎች ውጤት ሲደመር ነው። አንደኛ የወጣው ወንበሩን ይይዛል። ሁለተኛው በ1 ድምፅ ተበልጦ ይሁን በ20 ሺህ ለውጥ የለውም። እሱን ብለው ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ የተሰለፉ፣ ከቆላ ወደ ደጋ ቀበሌ ዳገት የወጡ፣ ልጅ አዝለው ፀሐይ የመታቸው ሰዎች ድምፅ ከዚያች ሌሊት በኋላ የትም አይደርስም። ወረቀቱ ይታሸጋል፤ ለአምስት ዓመት የሚናገርላቸው ሰው ምክር ቤት ውስጥ አይኖርም።

ይህን ጉዳይ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ተነስቼ ማየት የፈለግሁት በምክንያት ነው። ከወረታ ወደ ወልዲያ የሚዘልቀው መንገድ ደብረ ታቦርን አልፎ በጉና በኩል ነፋስ መውጫ ይደርሳል፤ ከዚያም በጨጨሆ አድርጎ ወደ ወሎ ይሻገራል። ነፋስ መውጫ የላይ ጋይንት ከተማ ናት። ወደ ደቡብ ሲወረድ ታች ጋይንት አለ፣ ከተማው አርብ ገበያ። ስማዳ ከወገዳ ተነስቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። እስቴ በጉና ማዶ መካነ ኢየሱስን ይዞ ተቀምጧል። አገሩ የድጓ ምስክር ቤቱ የቤተ ልሔም አገር ነው፤ ዜማ ሊያስመሰክር የሚሻ ሁሉ ከየአቅጣጫው እየተጓዘ የሚመጣበት። ደግሞም መሬቱ የደከመ፣ ዝናብ ሲያጥር ቶሎ የሚጎዳ አገር ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የእርዳታ ፕሮግራሙ ሴፍቲኔት በ1997 ሲጀመር ጀምሮ የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ከምርጫ ሥርዓት ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ይኖራል። በሴፍቲኔት አካባቢ ቀበሌ ማለት ስምህ መዝገብ ላይ ይግባ አይግባ የሚወሰንበት ቦታ ነው። ማን እንደተቸገረ፣ ማን ከመዝገቡ መውጣት እንዳለበት፣ የትኛው ጎጥ በሕዝባዊ ሥራ እርከን እንደሚሠራ፣ የማን ቅሬታ እንደሚሰማ የሚነገረው እዚያ ነው። ቀበሌውን የሚቆጣጠረው ምክር ቤት ከአንድ ወገን ብቻ የተዋቀረ ከሆነ፣ ቅሬታ ያለው ሰው ቅሬታውን የሚያቀርበው ለቅር ላሰኘው አካል ነው። የውክልና ጥያቄ ለጋይንት ገበሬ ከአዲስ አበባው ፓርላማ በፊት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጋይንት አውራጃ በነበረበት፣ በጌምድርና ስሜን በሚባለው ጠቅላይ ግዛት ዘመን፣ የሕዝብ እንደራሴ የሚመረጠው በሌላ ስልት ነበር። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አገሩን ወደ 200 ሺህ ሕዝብ በሚይዙ የምርጫ ክልሎች ከፈለ፤ ከእያንዳንዱም ሁለት እንደራሴ ይላክ ነበር። ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ ተመራጩም ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ስለዚህ ያን ዘመን ለምሳሌነት አላነሣውም። ከአንድ ቦታ ከአንድ በላይ ሰው መላክ ለአገራችን እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ብቻ ይታወስልኝ።

ዛሬ የምንመራበት ሕግ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ነው። በአንድ የምርጫ ክልል ከሚወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል ይላል። አብላጫ ማለት እዚህ ላይ ከግማሽ በላይ ማለት አይደለም፤ ከሌሎቹ እያንዳንዳቸው መብለጥ ማለት ነው። አራት ተወዳዳሪዎች ቢኖሩ ከ100 መራጭ 30ውን ያገኘው 100ውንም ሊወክል ይችላል። አንቀጹ ምክር ቤቱ ከ550 አባላት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ከነዚህም ቢያንስ 20ው ለአናሳ ብሔረሰቦች የተተወ ነው። በተግባር ወንበሩ 547 ነው፤ የአማራ ክልል ድርሻ 138።

ቁጥሮቹን ተራ በተራ ብናያቸው ሥርዓቱ ምን እንደሚሠራ ይታያል። በ1997 ግንቦት 7 ሰፊ ውድድር ነበር። በዚያ ምርጫ ለአዲስ አበባ ምክር ቤት ከነበሩት 138 ወንበሮች ተቃዋሚው ቅንጅት 137ቱን ወሰደ፤ ለወቅቱ ገዢ ፓርቲ ለኢሕአዴግ የቀረው 1 ነው። በከተማው ገዢውን ፓርቲ የመረጠ ሰው አልነበረምን? ነበር፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠር። ድምፁ ግን በየምርጫ ክልሉ ሁለተኛ ስለወጣ ተቆጥሮ ቀረ። ይህን የማነሣው ሥርዓቱ ተቃዋሚን ብቻ የሚጎዳ የሚመስላቸው ስላሉ ነው። አብላጫ ድምፅ ያሸነፈውን ሁሉ ያገዝፋል፤ ዛሬ የጠቀመውን ነገ ይጥለዋል። በዚያው ዓመት በአማራ ክልል ምክር ቤት ከ294 ወንበር ቅንጅት 106ቱን አሸንፎ ነበር። በ2002 ግን በፌዴራሉ ምክር ቤት ከክልሉ 138 ወንበሮች አንዱም ከኢሕአዴግና ከአጋሮቹ እጅ አልወጣም። በመላ አገሪቱ የተቃዋሚ ወንበር 1 ነበር፣ የግል ተወዳዳሪ 1። በ2007 ያም ቀረና 547ቱንም ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያዙት። ከአንድ ዓመት በኋላ በ2008 ክረምት ጎንደርና ባሕር ዳር ጎዳና ላይ የወጣው ሕዝብ ምክር ቤት ውስጥ አንድ ተቃዋሚ አፍ አልነበረውም። ይህ በአጋጣሚ የተገጣጠመ ነው ብሎ የሚያምን ካለ አላውቅም።

በ2013 ሰኔ 14 ቀን ምርጫም መልኩ ብዙ አልተለወጠም። ውጤት ከተገለጸባቸው 436 የምርጫ ክልሎች ገዢው ብልጽግና 410 አሸነፈ፤ ከተቃዋሚዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ። ኢዜማ የምርጫ ምልክቱን ሚዛኑን ይዞ በአገሪቱ ከዳር ዳር የተወዳደረ ፓርቲ ነበር። ደጋፊው ተበትኖ የተቀመጠ ፓርቲ በአብላጫ ሥርዓት ሁልጊዜ ይከስራል፤ በየቦታው ትንሽ ትንሽ ያለው ሰው የትም አንደኛ አይወጣምና። ደጋፊውን በአንድ ጥግ ያከማቸ ግን ያተርፋል። አገርን በጥግ በጥግ ማደራጀት የሚያዋጣ ያደረገው አንዱ ምክንያት ይኸው ሕግ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለ ብሔር ፖለቲካ ስንከራከር ግን የምርጫ ሕጉን የሚያነሣ አይገኝም።

ተመጣጣኝ ውክልና የሚባለው ሐሳብ ቀላል ነው፤ የድምፅ ድርሻ የወንበር ድርሻ ይሁን። አስቸጋሪው ሐሳቡን ለመራጭ ማስረዳት ነው። እንበልና የአማራ ክልል ጉዳዩን ለሕዝበ ውሳኔ አቀረበ፤ ቅስቀሳውም በገበያ ቀን አርብ ገበያ ደረሰ። አንድ ወጣት መምህር ጆንያ ዘርግቶ አራት ዓይነት እህል ያወጣል፤ 48 ፍሬ ባቄላ፣ 31 አተር፣ 14 ምስር፣ 7 ሽምብራ። አንድ አዛውንት በከዘራቸው ተደግፈው ይቆማሉ።

«አንተ ልጅ፣ ይቺን ይዘህ ነው ገበያ የወጣኸው?»

«የምሸጠው የለኝም አባባ፤ ቁጭ ይበሉና ይፍረዱኝ። አንዷ ፍሬ አንድ ሺህ ሰው ናት እንበል። 10 ወንበር አለን። በአሁኑ ሕግ በየምርጫ ክልሉ የበለጠው ባቄላ ነው። 10ሩንም ማን ይወስዳል?»

«ባቄላ ነዋ።»

«የቀሩት 52ቱስ?»

አዛውንቱ ዝም ይላሉ። መምህሩ ፍሬዎቹን በ10 በ10 ይከምራል። «አንድ ወንበር 10 ፍሬ ያስከፍላል። ባቄላ አራት ክምር ሆኖ 8 ተረፈው። አተር ሦስት ክምር፣ 1 ተረፈ። ምስር አንድ ክምር፣ 4 ተረፈ። ሽምብራ አልሞላም፣ 7 ብቻ ነው። 8 ወንበር ተሰጠ፤ 2 ቀረን። የቀረውን ትርፉ ለበዛ እንሰጣለን፤ አንዱ ለባቄላ፣ አንዱ ለሽምብራ።»

«ስለዚህ ባቄላ 5፣ አተር 3፣ ምስር 1፣ ሽምብራ 1። ባቄላ አሁንም ይበልጣል እኮ።»

«ይበልጣል አባባ። ብቻውን ግን አይወስንም።»

በሒሳብ መጽሐፍ ይህ ስልት ትልቁን ቀሪ የሚከተል ይባላል፤ ሌሎችም አሉ፤ በትንሽ በትንሹ ይለያያሉ። በዚህ ገበያ ግን የመጀመሪያው ከባድ ጥያቄ የሚመጣው ከሒሳቡ አይደለም። አዛውንቱ ከዘራቸውን አንስተው ሊሄዱ ሲሉ ዞር ይላሉ፦ «ታዲያ የኔ ሰው የትኛው ነው? ድልድዩ በጎርፍ ሲወሰድ ማንን ልጠይቅ?»

ይህ ጥያቄ መታለፍ የለበትም። አብላጫ ድምፅ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሰውየው ይታወቃል። የስማዳ መራጭ የስማዳን ተመራጭ ስም ያውቃል፤ ለቅሶ ላይ ያገኘዋል፤ የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል። ተመጣጣኝ ውክልና በመላ ክልሉ በአንድ ዝርዝር ከተደረገ ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት ባሕር ዳርና አዲስ አበባ የተቀመጡ የፓርቲ አለቆች ናቸው። ከላይ ያለው ስም ይገባል፣ ከታች ያለው ይቀራል፤ ሁለቱንም የሚወስነው መራጩ ሳይሆን ጽሕፈት ቤቱ ይሆናል። ደቡብ አፍሪካ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 400 የምክር ቤት አባላቷን በዝርዝር እየመረጠች ኖራለች፤ የዚያ አገር ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት ቅሬታም ይኸው ነው፤ ተመራጩ የሚፈራው ፓርቲውን እንጂ መራጩን አይደለም ይላሉ። በዚህ ላይ ያለ ፓርቲ የሚወዳደር ሰው በዝርዝር ሥርዓት ቦታ ያጣል። በ2013 አራት የግል ተወዳዳሪዎች ፓርላማ ገብተዋል፤ እነሱን የሚዘጋ ሕግ እኔም አልደግፍም።

መልሱ በመጠኑ ነው። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በአንድነት 10 ያህል ሰው የሚልኩ አንድ የምርጫ አካባቢ ቢሆኑ ዝርዝሩ የአገሩን ሰው ይይዛል፤ መራጩም ከፓርቲው ዝርዝር ውስጥ የሚወደውን ሰው እንዲመርጥ ቢፈቀድለት ቅደም ተከተሉን ራሱ ይሠራዋል። ወይም ቅይጡ አለ፤ አንድ ድምፅ ለሰውየው፣ አንድ ድምፅ ለፓርቲው። ለእኛ አገር የሚስማማው ቅይጡ ይመስለኛል። አዛውንቱ የሚጠይቁት ሰው ይኖራቸዋል፤ 52ቱም ፍሬ አይጣልም።

ቅይጡ ደግሞ ባዶ ምኞት አልነበረም፤ በአገራችን ስምምነት ተደርሶበት ነበር። በ2009 መስከረም 30፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ማግስት፣ ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሲከፍቱ የተለያዩ ድምፆች እንዲወከሉ የምርጫ ሕጉ እንደሚሻሻል ተናገሩ። በዚያው ዓመት ኢሕአዴግና ከ20 የማያንሱ ፓርቲዎች ድርድር ጀመሩ፤ መድረክን የመሰሉ አንዳንዶች ገና ከጅምሩ ወጡ። የቀሩት ስለ ምርጫ ሥርዓቱ ሲከራከሩ ከርመው ቅይጥ ትይዩ በተባለው ላይ ተስማሙ፤ 80 በመቶው በአብላጫ ድምፅ፣ 20 በመቶው በተመጣጣኝ ውክልና። ነባሮቹ ወንበሮች ሳይነኩ ወደ 110 የሚጠጋ አዲስ ወንበር ሊጨመር ነበር። ለዚህም አንቀጽ 54 መሻሻል ነበረበት።

ትይዩ የሚለው ቃል ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያለፈ ነገር ይዟል። በትይዩ ሥርዓት 110ሩ ወንበር ለብቻው ይከፋፈላል፤ በ80 በመቶው ላይ የደረሰውን መዛባት አያስተካክልም። ገዢው ፓርቲ 540 ወንበር በአብላጫ ወስዶ፣ ከ110ሩ ደግሞ የድምፅ ድርሻውን ያህል ይጨምራል። ጀርመንና ኒው ዚላንድ የሚጠቀሙበት ግን የሚያካክስ ቅይጥ ነው፤ በአብላጫ የተጎዳው ከዝርዝሩ ወንበር ይካሳል። በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ የተገኘው እንግዲህ ትንሹ ነው። እሱም አልተፈጸመም። በ2010 የአገሪቱ አመራር ተለወጠ፤ ጉዳዩ ተዳፈነ፤ በ2011 ነሐሴ የጸደቀው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 አብላጫ ድምፅን እንዳለ ይዞት ቀጠለ። የሚያሳዝነኝ በዚያ ሁሉ ክርክር ነፋስ መውጫ ወይም መካነ ኢየሱስ ያለ መራጭ ምን ትላለህ ተብሎ አለመጠየቁ ነው። ስምምነቱ በአዳራሽ ውስጥ ተወለደ፤ ሲሞትም ያለቀሰለት አልነበረም፤ የኔ ነው የሚለው ሕዝብ አልነበረውምና።

ከዚያ በኋላ ቅይጥን በሕግ ያጻፈ አንድ ክልል አለ፤ ትግራይ። የክልሉ ምክር ቤት በ2012 ከነበረው 152 ወንበር ላይ በተመጣጣኝ ውክልና የሚሞላ 38 ጨምሮ 190 አደረሰው። ጳጉሜን 4 ቀን ምርጫው ተደረገ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንዳልተደረገ ቆጠረው። ሕወሓት 98.2 በመቶ ድምፅ አግኝቶ 152ቱንም የምርጫ ክልሎች ወሰደ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነት ተጀመረ። ከዚህ መማር ያለብን ነገር መራራ ነው፤ ተመጣጣኝ ውክልና ለድምፅ መስተዋት ነው፤ የተሰጠውን ድምፅ ያሳያል እንጂ ያልተሰጠውን አይፈጥርም። ቢሮ መክፈት፣ ሰልፍ መጥራት፣ ወኪል ማስቀመጥ በማይቻልበት ቦታ 38 ይሁን 380 ወንበር ቢጨመር ለውጥ አያመጣም።

ከአፍሪካ ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ሌሶቶ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ምርጫ ገዢው ፓርቲ ከድምፁ 60 በመቶ ያህሉን አግኝቶ ከ80 ወንበር 79ኙን ወሰደ። የቀረው 40 በመቶ ሕዝብ ለአንድ ሰው ተጨበጠ። ዋና ከተማዋ ማሴሩ ነደደች፤ የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ጦር ገባ። ከዚያ በኋላ ተቀናቃኞቹ ተቀምጠው ሕጉን ለወጡ፤ 80ው እንዳለ ሆኖ 40 የማካካሻ ወንበር ጨመሩ። በ2002 እ.ኤ.አ. ገዢው ፓርቲ 77 የምርጫ ክልሎችን አሸነፈ፤ ዋናው ተቃዋሚ ግን ከ40ው 21 ወንበር አግኝቶ ጎዳናውን ትቶ ምክር ቤት ገባ። የሌሶቶ ፖለቲካ ከዚያ ወዲህ ሰላም ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጥምር መንግሥቶቹ እየፈረሱ አስቸግረዋል። ከተማዋ ግን በምርጫ ውጤት ምክንያት እንደዚያ ዳግመኛ አልነደደችም።

ጉዳዩን ለሕዝበ ውሳኔ ማቅረብስ? በዚህ የሚጠቀሰው የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ናት፤ ሦስት ጊዜ ጠይቃለች። በ2005 እ.ኤ.አ. 57.7 በመቶ ሕዝብ ይለወጥ አለ፤ ለማለፍ የተቀመጠው ግን 60 በመቶ ስለነበረ ወደቀ። በ2009 እ.ኤ.አ. ድጋፉ ወደ 39 በመቶ ወረደ። በ2018 እ.ኤ.አ. በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ጥያቄ ቀረበ፤ ይለወጥ ወይ የሚለው አንድ፣ ከሦስት ዓይነት ተመጣጣኝ ሥርዓት የትኛው ይሁን የሚለው ሁለተኛ። 61.3 በመቶው ነባሩ ይቀመጥ አለ። ሰው ያልገባውን አይለውጥም፤ ትክክልም ነው። ኒው ዚላንዶችም መጀመሪያ ይለወጥ ወይ፣ ቢለወጥስ የትኛው ይሁን ብለው ጠየቁ፤ በሚቀጥለው ዓመት በ1993 እ.ኤ.አ. ግን ያሸነፈውን አንዱን አማራጭ ከነባሩ ጋር አፋጠጡ፤ 53.9 በመቶው ለውጡን መረጠ። እዚያ የቀሰቀሰው ሰው በየመንደሩ የሚያስረዳው አንድ ነገር ነበረው።

እኛም ከሕዝበ ውሳኔ ጋር እንግዳ አይደለንም። በጎንደር ምድር በ2010 መስከረም 7 ቀን በ8 ቀበሌዎች የቅማንት አስተዳደር ጥያቄ ለሕዝብ ቀርቦ 7ቱ በነባሩ መቆየትን መርጠዋል። ሲዳማ በ2012 ኅዳር 10 ክልልነትን በሻፌታና በጎጆ ምልክት መረጠ፤ ማንበብ የማይችለውም የመረጠውን አውቆ ነው የወጣው። ከዚያም በደቡብ ምዕራብና በደቡብ ሁለት ጊዜ ተደግሟል። እነዚህ ሁሉ የወሰን ጥያቄ፣ የማን አስተዳደር የሚል ጥያቄ ናቸው። ድምፃችን እንዴት ይቆጠር ተብለን ተጠይቀን አናውቅም። ብንጠየቅ ምን ምልክት እንደሚስማማ አስቤበታለሁ፤ ለአብላጫው አንድ ወንበር፣ ለተመጣጣኙ በክብ የተደረደሩ ወንበሮች። የገበያው መምህር በአንድ ጠዋት ያስረዳዋል።

ግን ገበያው ዛሬ የሚወጣበት ገበያ ነወይ? የላይ ጋይንት ሰው በ2013 ሰኔ ምርጫው በተደረገ በሁለት ወሩ ጦርነቱን በራሱ ደጅ አየው፤ ነሐሴ ላይ ነፋስ መውጫ በትግራይ ኃይሎች እጅ በነበረችባቸው ቀናት በሴቶች ላይ የተፈጸመውን ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግቦታል። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በመንግሥት ጦርና በፋኖ መካከል ያለው ውጊያ ደቡብ ጎንደርን በሙሉ ነካ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መንገድ ተቆረጠ፣ ገበሬው በሁለት ወገን ተጨነቀ። በዚህ መካከል ስለ ወንበር አከፋፈል ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው አለ። እኔ ግን ጠመንጃ ያነሣውም ያላነሣውም ነገ ከጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጥ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ይመስለኛል፤ ብሸነፍ ምን ይቀርልኛል? በአብላጫ ሥርዓት መልሱ ምንም ነው። ተሸናፊ ምንም የማይቀርለት ከሆነ መሸነፍን እሺ የሚል ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሌሶቶዎች ይህን ያወቁት ከተማቸው ከነደደ በኋላ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የቀበሌውና የወረዳው ምክር ቤት አለ። የአካባቢ ምርጫ ከ2005 ወዲህ አልተደረገም። አንድ ቀበሌ እስከ 300 የምክር ቤት አባላት እንዲኖሩት ተደርጎ ነበር። 300 ወንበር ባለበት ቦታ ከፊሉ ሰው ብቻ የመረጠው አንድ ወገን 300ውን የሚወስድበት ምክንያት የለም፤ ለተመጣጣኝ ውክልና የሚመች ስፍራ ከዚህ በላይ አይገኝም። አንቀጽ 54 የሚናገረው ስለ ተወካዮች ምክር ቤት ብቻ ነው። ለቀበሌና ለወረዳ የሚያስፈልገው የምርጫ አዋጁንና የክልሉን ሕግ ማሻሻል ነው። ሴፍቲኔት መዝገቡ ላይ የሚፈርመው ምክር ቤት ውስጥ የሦስት ወገን ሰው ቢቀመጥ ምን እንደሚለወጥ የታች ጋይንት ሰው ከእኔ በላይ ያውቃል።

ለፌዴራሉ ደግሞ መንገዱ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተጽፏል፤ ብዙ ሰው የሚያነበው አንቀጽ 105ን ስለሆነ ይዘነጋል። አንቀጽ 105 ማሻሻያ እንዴት እንደሚጸድቅ ይናገራል፤ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው። ከሱ በፊት ያለው አንቀጽ 104 ግን ሐሳቡን ማን እንደሚያመነጭ ይናገራል። ከክልል ምክር ቤቶች አንድ ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ ከደገፉት ሐሳቡ ለሕዝብ ውይይትና ውሳኔ መቅረብ አለበት ይላል። አሁን አገሪቱ 12 ክልሎች አሏት፤ ሲሶው 4 ነው። አንዱ የአማራ ክልል ምክር ቤት ቢሆን፣ ከ294 አባላቱ ሁሉም ቢገኙ የሚያስፈልገው 148 እጅ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚታወቁ ናቸው፤ ከላይ ጋይንትም፣ ከታች ጋይንትም፣ ከስማዳም፣ ከእስቴም የተላኩ አሉባቸው። ቅስቀሳው ሕዝበ ውሳኔ እስኪጠራ መጠበቅ የለበትም። ስብሰባ በተፈቀደበት የመጀመሪያ ቀን መራጮቻቸው ሊጠይቋቸው ይችላሉ፤ ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፣ መልሱም እንዲሁ፣ ከነፊርማው።